የነፍስ አባቴ የሰው የምርመራ ውጤት ጠየቁኝ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የነፍስ አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ እናቴ ታማ ስትተኛ ከአልጋዋ አጠገብ ያልጠፉ አባት ናቸው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዳር ጠርተው አንዲት የንስሐ ልጃቸው በጥር እንደምታገባ ነገሩኝ። እጮኛዋ እኛ ጋ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጓል የሚል ወሬ ሰምተዋል። «ልጅቱ እንዳትጎዳብኝ፤ አይተሽ በጆሮዬ ንገሪኝ» አሉኝ። ዝም ስላቸው «ነፍስ ማዳን ነው። እምቢ ካልሽ በደሟ ትጠየቂበታለሽ» አሉ። ልጁን አላውቀውም። መዝገቡ ግን እጄ ላይ ነው። ብናገር ሙያዬ፣ ዝም ብል ነፍሴ። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ያልጻፍሽውን ነገር ነው። ውጤቱ የለበትም። አይተሽው ይሁን አላየሽው እንዳናውቅ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ስለዚህ አመሰግንሻለሁ። የደብሩን ስምና የሠርጉን ቀን ግን ጠቅሰሽ ነበር፤ ሁለቱንም ከጥያቄሽ ሰርዘናቸዋል። ባሕር ዳር ሰፋች ብንልም ደብሩንና ቀኑን የሰማ ሰው ሙሽራው ማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ስልክ ይበቃዋል።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። አትንገሪያቸው። መዝገቡንም አትክፈቺ። ይህን አንቺም በልብሽ የምታውቂው ይመስለኛል። የከበደሽ «እምቢ» ማለቱ ነው፤ ያውም ለነፍስ አባት። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ስለዚህ ብዙውን የምጽፈው ስለዚያ ነው። የምናገረው ከነርስነቴና ለዓመታት ከሠራሁበት የምክር አገልግሎት ተነሥቼ ነው፤ ስለ ቀኖና የመፍረድ ሥልጣን የለኝም።

ብዙ ባለሙያ ጥፋቱ ሲናገር የሚጀምር ይመስለዋል። የሚጀምረው ግን ሲያይ ነው። መዝገቡ እጅሽ የገባው ናሙና እንድትመረምሪ፣ ውጤት እንድትጽፊና ላዘዘው ክፍል እንድትልኪ ነው። ሌላ ሰው ስለጠየቀሽ ብለሽ ስም ፍለጋ ገጽ ከገለበጥሽ ያን ሰዓት ሥራ ላይ አይደለሽም። ደግሞም አይቶ ዝም ማለት ቀላል አይደለም። በሚቀጥለው እሑድ መስቀል ስትሳለሚ አባ ፊትሽን ያያሉ። ከልጅነትሽ የሚያውቁሽ ሰው ሳትናገሪም ይገባቸዋል። ካላየሽ ግን የምትደብቂው ነገር አይኖርሽም፤ «አላየሁም» ብትያቸውም እውነት ነው።

ሕጉን ቶሎ ልለፈው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 መሠረት በሙያው ያወቀውን የሰው ምስጢር ያወጣ ሰው ተበዳዩ ሲያመለክት በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስትና ረዳት የጤና ባለሙያ እዚያ ተዘርዝረዋል። ከእነሱ ጋር በዚያው አንቀጽ የሃይማኖት አገልጋዮችም አሉ። አንቀጽ 400 ደግሞ መናገር የሚፈቀድበትን ሁኔታ ይገልጻል፤ ባለምስጢሩ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሕግ በግልጽ ሲያስገድድ። የነፍስ አባት ጥያቄ ከእነዚህ ውስጥ የለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ዘንድ አስቀምጦታል።

ይህን የጠቀስኩልሽ አባን እንድታስፈራሪበት አይደለም። በወንጀል ሕግ ከጀመርሽ ወሬው ወዲያው ጠብ ይሆናል። አንቺና እሳቸው በአንድ አንቀጽ ሥር፣ በአንድ ዓይነት አደራ ላይ እንደቆማችሁ እንድታዪ ነው የፈለግኩት። ንስሐ ከሰባቱ ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። አንቺ ለእሳቸው የተናዘዝሽውን ባልሽ ቢጠይቃቸው አያወጡትም። እናትሽ አልቅሰው ቢለምኗቸውም አያወጡትም። ያ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሲዘረጋ ያመነው እንዲህ ያለውን ዝምታ ነው። ስለዚህ ከአባ ጋር የምትነጋገሪበት ቋንቋ ከሌላ ቦታ መምጣት የለበትም። ከዚያው ከእሳቸው ቤት አለልሽ።

«ነፍስ ማዳን ነው» ያሉሽን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ልብሽን የያዘው እሱ ነውና።

እዚህ ጣና ዳር ሰው ምስጢሩን ለመጠበቅ የሚከፍለውን ዋጋ አንቺም ታዪዋለሽ። የዘጌ ሰው እዚያው አጠገቡ ጤና ጣቢያ እያለ በጀልባ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ይመጣል። ለምን? እዚያ ካርድ የምታወጣው ልጅ የአክስቱ ልጅ ጓደኛ ናት። የባሕር ዳሩ ደግሞ መድኃኒቱን ሊወስድ ወረታ ወይም መራዊ ይሄዳል፤ ጎንደር ድረስ የሚሄድም አለ። የቀን ሥራውን ትቶ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። ክኒኑን ከጠርሙሱ አውጥተው በሌላ ዕቃ የሚይዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የጠርሙሱ ኮሽታ ያስነቃብናል ብለው። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን «የእገሌን ውጤት የላቦራቶሪዋ ልጅ ለቄሱ ነገረች» የሚል ወሬ ቢሰሙ ምን ይሆናል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መሰማቱ አይቀርም። ገሚሱ ምርመራውን ይተወዋል። ገሚሱ መድኃኒቱን ያቋርጣል። መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ በደም ውስጥ እንደገና ይበዛል፤ ሰው የሚታመመውም ለሌላ የሚያስተላልፈውም ያን ጊዜ ነው። አንዲት ሙሽራ ለማዳን ተብሎ የተነገረ ቃል ስማቸውን የማናውቃቸውን ሌሎች ሙሽሮች ይጎዳል። በደም መጠየቅ ካለ ይህም ይቆጠር።

ሌላም አለ። አባ የሚፈልጉት አንድ ቃል ነው፤ አለበት ወይስ የለበትም። ያ ቃል ልጅቱን አይጠብቃትም። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን ነገር ነው። በቅርብ ሳምንታት የተያዘ ሰው «ነጻ» የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ ነው በ3 ወር ውስጥ ለቫይረሱ ተጋልጦ ሊሆን የሚችል ሰው እንዲደግም የሚነገረው። ዓምና «ነጻ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ስለ ዛሬ ምንም አይልም። በሌላ በኩል ቫይረሱ ያለበት፣ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ፣ በቫይራል ሎድ (የቫይረሱን መጠን በሚለካው) ምርመራም ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህ ዛሬ በዓለም ደረጃ የተረጋገጠ ነገር ነው። ልጅ መውለድም ይችላሉ። ምንም መከላከያ ከሌለ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ እናትየው በሚገባ ከታከመች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። እንግዲህ «የለበትም» የሚለው ቃል ሊያዘናጋ፣ «አለበት» የሚለውም ሊኖር የሚችለውን ትዳር ያለ ምክንያት ሊያፈርስ ይችላል። በዚያ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ሙሽራው ብቻ ነው። የልጅቱን ማን አየው?

የሚያድናት ሌላ መንገድ ነው፤ ሁለቱ አብረው መመርመር። ይህን ለአባ በደንብ አስረጃቸው። ጥንዶቹ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አማካሪዋ ደም ከመወሰዱ በፊት ትጠይቃቸዋለች፤ ውጤታችሁን አብራችሁ ለመስማት ተስማምታችኋል ወይ? አንዳችሁ ቢኖርባችሁስ ምን ትሆናላችሁ? እዚያች ወንበር ላይ ያልተነሣ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከሠርግ በኋላ በጠብ ነው የሚነሣው። ሁለቱም እሺ ካሉ ይመረመራሉ፣ አብረው ይሰማሉ። አንዱ ቢኖርበትና ሌላው ባይኖርበት መድኃኒቱ አለ፣ ኮንዶም አለ፣ ላልተያዘው ወገን ፕረፕ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ። ማግባቱን ወይም መተዉን የሚወስኑት ሁለቱ ናቸው። ፈቅደው ከነገሯቸው የነፍስ አባታቸውም ያኔ ይሰሙታል። ጥር ሳይገባ ይህን ለማድረግ ጊዜ አላቸው።

አሁን ወደ አባ እንሂድ። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ፣ ሰው እየተሰናበታቸው፣ በጥድፊያ አትመልሺላቸው። ቤታቸው ሂጂ። ብቻሽን ሁኚ። መስቀል ተሳለሚ፣ «አባ ይፍቱኝ» በይ፤ ከዚያ ሳትዞሪ ተናገሪ። እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል፦

«አባ፣ ያሉኝን አሰብኩበት። መዝገቡን አልከፍትም። የማንንም ውጤት አላይም፣ ለማንም አልናገርም። ነገ እርስዎ ራስዎ ቢታመሙና ቢመረመሩ የእርስዎንም ለማንም አልናገርም። እኔ በንስሐ የነገርኩዎትን እርስዎ እንደማያወጡት ማለት ነው። ለልጅቱ መጨነቅዎ ግን ገብቶኛል። ሁለቱም አብረው መጥተው ይመርመሩ። ማን ጋ እንደሚሄዱ እኔ አሳያቸዋለሁ።»

«ለማንም አልናገር፣ እኔም ምስጢር ጠባቂ ነኝ» ሊሉሽ ይችላሉ። አትከራከሪያቸው። «አውቃለሁ አባ። ምስጢሩ ግን የእኔ ስላልሆነ ልሰጥዎት አልችልም» በይ። «ስሙን ትተሽ ራስሽን ብቻ ነቅንቂ» ካሉም መልሱ ያው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቅን ባለሙያዎች የሚወድቁት እዚህ ነውና። አንዲት ባለሙያ አስቢ። ለመጀመሪያው ጠያቂ «አይዞዎት፣ ምንም የለበትም» ትላለች። መልካም ዜና ነዋ፤ ማንን ይጎዳል? ለሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ጠያቂ ሲመጣ ውጤቱ ሌላ ነው። ደንግጣ «ይቅርታ፣ መናገር አልችልም» ትላለች። ተናገረች እኮ! ዝምታዋ ራሱ ውጤቱን ተናገረ። ስለዚህ «መናገር አልችልም» የሚለው ቃል የሚሠራው ለሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ፊት ሲባል ብቻ ነው። «እኛ ጋ አልመጣም» ማለትም መልስ ነው። ለዚህኛው «አልመጣም» ካልሽ፣ ለሚቀጥለው ዝም ስትዪ «መጥቷል» ማለትሽ ነው። ሰውየው ተመርምሯል ወይስ አልተመረመረም የሚለውም ምስጢር ነው። አባ «እሺ ተመርምሮ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ» ቢሉሽ ይህን አስታውሺ። ከዛሬ ጀምሮ ለጓደኛሽ፣ ለጎረቤትሽ፣ ለወንድምሽም መልስሽ አንድ ይሁን። ሰው ሲለምደው መጠየቁን ይተዋል።

ቢቆጡስ? ቢገዝቱሽስ? ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግዝት በእኛ አገር እንቅልፍ የሚነሳ ቃል ነው። ግዝቱ ይያዛል አይያዝም ብዬ ልነግርሽ አልችልም፤ ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም። የሚያውቁ አባቶች ግን አሉ። በዕድሜም በትምህርትም የምታከብሪያቸው አንድ መምህር ወይም መነኩሴ ጋ ሄደሽ ነገሩን ያለ ስም አስረጂ፦ «በሥራዬ የታመንኩበትን የሰው ምስጢር እንዳወጣ ታዘዝኩ፤ እምቢ አልኩ።» ሙሽራውን አትጥቀሺ፣ ደብሩን አትጥቀሺ፣ የሚቻል ከሆነ አባንም አትጥቀሺ። የአንድ አባት ቁጣ የቤተ ክርስቲያን ሁሉ ፍርድ አይደለም። ጥያቄው ከተደጋገመ ደግሞ ለክፍል ኃላፊሽ አሳውቂ፤ እዚያም የልጁን ስም ሳታነሺ። «ከውጭ የታካሚ ውጤት እንድሰጥ ግፊት አለብኝ» ማለት ይበቃል። ብቻሽን አትሸከሚው።

አባን ክፉ ሰው አድርገሽ እንዳትይዣቸውም እለምንሻለሁ። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ያሳለፈ የነፍስ አባት ያላየው የለም። ተክሊል ያደረሰላቸውን ወጣቶች መልሶ ፍትሐት አድርሶላቸዋል። ያ ፍርሃት እስከ ዛሬ ከልባቸው አልወጣ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን፣ ስለ መድኃኒቱና ስለ ቫይራል ሎድ የነገርኩሽን፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው ላይኖር ይችላል። አንቺ አስረጃቸው። ይህ የማንንም ምስጢር አይነካም፤ ሙያሽንም በትክክል የምትጠቀሚበት ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናኑ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ያ ምክር መድኃኒቱን ሊጥል የነበረውን ስንቱን ሰው መልሶታል። የነፍስ አባት «አብራችሁ ሂዱና ተመርመሩ፤ የሚሆነውን ሁሉ ከእናንተ ጋር እሸከማለሁ» ቢል፣ ከእኔም ከአንቺም ምክር በላይ ይሰማል። አባ ያላቸው ኃይል ይህ ነው። ከመዝገብ የሚሰረቅ ቃል አያስፈልጋቸውም።

ያንቺን ዓይነት ጥያቄ ከሌሎችም እሰማለሁ፤ የአንድ እምነት ነገርም አይደለም። የባንክ ሠራተኛው «እገሌ ለሕንጻው ማሰሪያ እጁ አጠረ፤ ሒሳቡ ላይ ስንት አለው?» ይባላል። መሐንዲሷ ያልሠራችውን ንድፍ «የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ምን ይሆናል» ተብላ እንድትፈርም ትጠየቃለች። አንድ ፋርማሲስት ለመንፈሳዊ ጉዞ ተብሎ ከመጋዘን መድኃኒት እንዲያወጣ ተጠይቆ መልሱ ጨንቆት ደውሎልኛል። ጠያቂው መስጊድ፣ ጸሎት ቤት ወይም ደብር ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ የተጠየቅከውን ነገር ባለቤቱ ፊት፣ በአደባባይ፣ በፊርማህ ታደርገዋለህ? ሒሳብ መሥራት፣ ሕንጻ መቆጣጠር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የጤና ትምህርት መስጠት በአደባባይ የሚደረግ ነው። በሙያ ማገልገል በረከት ነው፤ ማንም አይንፈጋችሁ። ወደ ዳር ተጠርቶ በጆሮ የሚጠየቅ ነገር ሲመጣ ግን ቆም በሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ሊመጣ ይችላልና። ልጅቱ ራሷ ልትመጣ ትችላለች። አባ «እገሊት አለችልሽ» ብለው ሊልኳት ይችላሉ። በላቦራቶሪው መስኮት ቆማ፣ እያለቀሰች፣ «አንቺም ሴት ነሽ፤ እባክሽ ንገሪኝ» ልትልሽ ትችላለች። ይህ ከአባ ቁጣ ይልቅ ይከብዳል። መልሱ ግን አይለወጥም። በሩን ከፍተሽ ውጪ፣ እጇን ያዢ፣ ወደ ምክር ክፍሉ ውሰጃት። መንገድ ላይ ስለ እጮኛዋ አንድም ቃል አትናገሪ፤ ስለ እሷ ጠይቂያት። አንቺስ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ? የሚያሰጋሽ ምን አይተሽ ነው? እሱን ፊት ለፊት ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? መጠየቅ ፈርታ ከሆነ፣ እንዴት እንደምትጠይቀው አማካሪዋ ታለማምዳታለች። «አብረን ካልተመረመርን አላገባም» ማለት መብቷ ነው፤ እሱ እምቢ ካለም ያ እምቢታ በራሱ የምታስብበት ነገር ይሰጣታል። በዚያው ቀን የራሷን ምርመራ አድርጋ ልትሄድ ትችላለች። ናሙናዋ አንቺ ጋ ከመጣ፣ ውጤቱን እንደ ማንኛውም ሰው ውጤት ጻፊና ለአማካሪዋ ላኪ። አባ ስለ እሷም ቢጠይቁሽ መልሱን ታውቂዋለሽ።